ፎቶ አንሺው ይጠየቅ

በ1991 (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ከተማ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ የሚያሳይ ትልቅ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። ከቀረቡት ሥራዎች መካከል በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ የተነሱ ጥቂት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ይገኙበታል። የቀሚሳቸው ጥለት ከኋላቸው ከተሰቀለው ጨርቅ ጥለት ጋር የሚፎካከር ሴቶች፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው የእጅ ሰዓታቸው እንዲታይ ክንዳቸውን ያስተካከሉ ወጣቶች ይታዩባቸዋል። ተመልካቹ አደነቃቸው፤ ከሥራቸው ግን ፎቶ አንሺው እንደማይታወቅ ተጽፎ ነበር። አንድሬ ማኛ የተባለ ፈረንሳዊ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ የአንሺውን ማንነት ለማወቅ ባማኮ ድረስ ሄዶ ቢያፈላልግ ሰውየው በሕይወት ተገኘ። ሰይዱ ኬይታ ይባላል። ከ1948 ጀምሮ በራሱ ፎቶ ቤት የባማኮን ሰው ሲያነሳ የኖረ፣ ኔጋቲቮቹንም በሺዎች አስቀምጦ የያዘ፣ አገሩ ላይ ስሙ የታወቀ ባለሙያ ነበር። በ1994 ፓሪስ ውስጥ ለብቻው ዐውደ ርእይ ተዘጋጀለት፤ ዛሬ የአፍሪካ ፎቶ አንሺዎች ሲነሱ ስሙ ቀድሞ ይጠራል።

ከኬይታ ጋር አብሮ የተገኘ ሌላ ነገር አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም የሚነሳው ከእሱ ነው። ኬይታ ደንበኞቹን የሚያነሳው በአብዛኛው በቀን ብርሃን፣ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላቸው ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ጨርቅ የራሱ የአልጋ ልብስ ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይለውጠዋል። አርባ ዓመት አልፎ ፎቶዎቹ ፊቱ ሲዘረጉለት ዘመናቸውን የለየው በጨርቁ ነበር፤ ይህ የዚህ ዓመት ነው፣ ያ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ነው እያለ። የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ስለ ጥለቱ ውበት ብዙ መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ጨርቁ የዘመን መቁጠሪያ መሆኑን ግን ከኬይታ በቀር የሚነግራቸው አልነበረም። በፎቶዎቹ ላይ ከሚታዩት ሰዓቶች፣ ሬዲዮኖችና የፈረንጅ ልብሶች ብዙዎቹ ደንበኛ እንዲዋብባቸው ፎቶ ቤቱ ያስቀመጣቸው ዕቃዎች እንደነበሩም የታወቀው ከእሱ ነው። ይህን ሳያውቅ ምስሉን ብቻ ይዞ የሚቀመጥ የታሪክ ጸሐፊ የ1950ዎቹ የባማኮ ወጣት ሁሉ ሬዲዮን እንደነበረው ሊጽፍ ይችላል። ፎቶ በእጁ ስላለ ደግሞ የሚሞግተው አይኖርም።

ከታወቁ ፎቶ አንሺዎች ማንን ብታገኝ ትወዳለህ የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ከአድናቆት ነው። ሰው የሚወደውን ፎቶ ያነሳውን ባለሙያ እጁን ጨብጦ ሊያመሰግነው ይመኛል። እኔ ጥያቄው ከዚህ የከበደ ነው ባይ ነኝ። ፎቶግራፍ ሙሉ ማስረጃ የሚሆነው አንሺው እንደ ማንኛውም ምስክር ቀርቦ ሲጠየቅ ነው። ማን አዘዘህ? ማን ከፈለህ? ቁም፣ ተቀመጥ፣ ወደዚህ ዙር ያለው ማን ነው? ስንት ቅጂ ታጠበ፣ ለማንስ ተላከ? የትኛው ሳይታጠብ ቀረ? ምስሉ ለእነዚህ መልስ የለውም። ስለዚህ ልናገኛቸው ይገባ የነበሩት አንሺዎች የግድ እጅግ የተዋጣላቸው አይደሉም፤ ሥራቸው በታሪካችን ውስጥ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ የሚኖር፣ ቃላቸው ግን ያልተሰማ ናቸው። የኢትዮጵያ የፎቶግራፍ ታሪክ ደግሞ እንዲህ ባሉ ሰዎች የተሞላ ነው።

ፎቶግራፍ በ1839 ፓሪስ ላይ ለዓለም ከታወጀ ሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገራችን ገባ። ካሜራ ይዘው ከመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቤተ እስራኤላውያንን ለመስበክ የመጣው ሚስዮናዊ ሄንሪ ስተርን ነበር። በ1863 አፄ ቴዎድሮስ አስገርፈው ያሰሩት ስተርን ይኸው ነው። ሆኖም ንጉሠ ነገሥቱ በሕይወት ሳሉ የተነሱት የተረጋገጠ ፎቶግራፍ አይታወቅም፤ መልካቸውን የምናውቀው በሥዕል ነው። ካሜራ በብዛት የገባው በ1868 ከእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ነው። ጦሩ ከመድፉና ከዝሆኑ ጋር ፎቶግራፍ የሚያውቁ መሐንዲስ ወታደሮችም ይዞ ነበር። ካርታ በፎቶ ያባዙ ነበር፤ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ የተፈቱትን እስረኞች፣ የመቅደላን አምባም አነሱ። መቅደላን በዚያ ዓመት በፎቶ የምናያት ሊያፈርሳት በመጣው ሠራዊት ዓይን ነው።

ከዚያ ዘመቻ ጋር የተያያዘው እጅግ የታወቀ ፎቶግራፍ ግን የተነሳው እዚህ አይደለም። የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ 7 ዓመቱ ነበር። አባቱ በሚያዝያ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሰዉ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በግንቦት መንገድ ላይ አረፉ። ልጁን ባሻ ፈለቀ በሚል ስም የሚታወቀው አማርኛ ተናጋሪው ካፒቴን ስፒዲ ይዞት እንግሊዝ አገር ገባ። በሐምሌ አይል ኦቭ ዋይት በተባለችው ደሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትኖረው በዚያችው ደሴት፣ ፍሬሽዋተር በሚባል መንደር ነበር፤ ካሜራዋንም ልጁ ላይ አነጣጠረች።

ካሜሮን ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ ፎቶ አንሺዎች አንዷ ናት። ሥራውን የጀመረችው በ48 ዓመቷ፣ ልጇና አማቿ ካሜራ በስጦታ ከሰጧት በኋላ ነው። የዶሮ ቤቱን ስቱዲዮ፣ የከሰል ማስቀመጫውን ጨለማ ክፍል አደረገችው። የምትሠራበት ዘዴ መስታወቱን በኬሚካል ቀብቶ ሳይደርቅ ማንሳትና ሳይደርቅ ማጠብ ነው፤ ተነሺው ደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። በዚያው የ1868 በጋ ቻርልስ ዳርዊንን አንስታለች። ዳርዊን ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት መጥቶ የእሷን ቤት ተከራይቶ ነበር፤ ስለ ፎቶውም ከተነሳቸው ሁሉ እንደሚበልጥበት ጽፏል። የ7 ዓመት ልጅ ግን አስተያየት አይጽፍም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ወቅት፣ በአንድ ካሜራ ፊት ተቀመጡ፤ አንዱ ከእነ ቃሉ፣ ሌላው ያለ ቃሉ ወደ እኛ ደረሰ።

ዓለማየሁ በእነዚህ ፎቶዎች የአገሩን ልብስ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ ጌጥ አድርጎ ይታያል፤ በአንዳንዱ ስፒዲም እንደ ኢትዮጵያዊ ለብሶ አብሮት አለ። ፊቱን አይቶ ሐዘን ያላየ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከወላጆቹ የተለየው በዚያው ዓመት መሆኑን ስለምናውቅ ሐዘኑን ከታሪኩ ወስደን ፊቱ ላይ እናነባለን። ካሜሮን የእንግሊዝ ልጆችን ስታነሳም ፊታቸው የተከዘ ነው፤ ከፊሉ ያን ያህል ጊዜ ሳይነቃነቁ በመቆየት የመጣ፣ ከፊሉ እሷ ሆን ብላ የምትፈልገው ድባብ ነው። በዓለማየሁ ፊት ላይ የምናየው የልጁ ሐዘን ነው ወይስ የዘዴው ፍሬ? ልብሱን ማን መረጠለት? ስፒዲ በአማርኛ ምን እያለ አስቀመጠው? ካሜሮን ፎቶዎቿን በባለቤትነት አስመዝግባ በለንደን ሥዕል ነጋዴ በኩል ትሸጥ ስለነበር፣ የአንድ ወላጅ አልባ ልጅ ምስል ለገበያ ሲቀርብ ምን አሰበች? ካሜሮን በ1879 መጀመሪያ ሲሎን ላይ ሞተች። ዓለማየሁም በዚያው ዓመት ኅዳር፣ በ18 ዓመቱ፣ ሊድስ ከተማ አርፎ ዊንዘር ተቀበረ። በ11 ዓመት ልዩነት ውስጥ ሁለቱንም መጠየቅ ይቻል ነበር።

ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። እስከዚያ ካሜራው የመጪና የሂያጁ ነበር፤ አሁን ቤተ መንግሥቱ ራሱ አሳዳሪ ሆነለት። በ1879 የመጣው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኖ ሲኖር ብዙ ፎቶ አንስቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ከኦቶማን ግዛት የመጣው አርመናዊ ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ። ከእሱ በኋላ ልጁ ሃይጋዝ፣ ከዚያም ሌላው ልጁ ቶኒ ሙያውን ወረሱ፤ ቤተሰቡ ከምኒልክ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዙፋኑን አገለገለ። ስለ ነገሥታቱ መልክ ዛሬ በአእምሯችን ካለው ብዙው በዚህ ቤተሰብ እጅ የታጠበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የታሪክ ተመራማሪዋ ኤስቴል ሶዬ በ2012 ባሳተመችው መጽሐፍ ምኒልክ ፎቶግራፍን ለሥልጣናቸው መሣሪያ እንዳደረጉት አሳይታለች። ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው ሲነሱ ምስሉ ወደ አውሮፓ መንግሥታት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ምስሉን የሠራው አንሺው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ምኒልክም ሠርተውታል።

እኔ ከሁሉ በፊት ላገኘው የምወደው ይህን ቤድሮስ ቦያጂያንን ነው። ከካሜሮን ጋር ቢነጻጸር በጥበቡ አይደርስባትም። እሱ ግን በኢትዮጵያ ታሪክ እጅግ ድብቅ በሆኑት ዓመታት ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ላይ ነበር። ምኒልክ ከ1909 ጀምሮ በሕመም አልጋ ላይ ዋሉ፤ በታኅሣሥ 1913 ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ብዙ ጊዜ ቆየ። አገሩ ንጉሡን ማየት በማይችልበት በዚያ ጊዜ የቀድሞ ፎቶግራፋቸው ምን ሥራ ይሠራ ነበር? አዲስ ቅጂ የሚያዝ ነበር? ንጉሡን ለማንሳት የሚጠራው ሰው መጠራቱ ሲቀር ምን ገመተ፣ ለማንስ ነገረ? በዚያ ግቢ ውስጥ ማን ምን ያውቅ እንደነበር ለመረዳት ከመኳንንቱና ከሐኪሞቹ ቀጥሎ መጠየቅ የሚገባው ፎቶ አንሺው ነበር።

ከዚያ የወራሻቸው የልጅ ኢያሱ ነገር መጣ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1916 ከሥልጣን ሲወርዱ ከቀረቡባቸው ክሶች ዋናው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚለው ነበር። የሙስሊም ልብስ ለብሰው፣ ጥምጥም አድርገው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች እንደ ማስረጃ ይነሳሉ። እውነተኛ ናቸው፣ አይደለም በጨለማ ክፍል ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው የሚለው ክርክር አልበረደም። የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ሴራ ነው የሚሉ አሉ፤ የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺዎች እጅ አለበት የሚሉም አሉ። ፎቶው እውነተኛ ነው ብለን ብንነሳ እንኳ ገና ምንም አላረጋገጥንም። ሐረርጌና አፋር ድረስ እየወረደ ከባላባቶቹ ጋር ወዳጅነት የሚፈጥር መሪ የአገሩን ልብስ መልበሱ የፖለቲካ ብልሃት ሊሆን ይችላል፤ ልብስ ሃይማኖትን አይመሰክርም። የመንግሥት ለውጥ ከተደገፈበት ማስረጃ አንዱ በዚህ መጠን ተንጠልጥሎ ሲቀር የጎደለው ፎቶው አይደለም። የጎደለው፣ ይህን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ቀን ነው፣ ያዘዘኝ እገሌ ነው፣ ይህን ያህል ቅጂ አጥቤ ለእነ እገሌ ሰጥቻለሁ የሚል ቃል ነው። ወይም ደግሞ ሁለት መስታወት አገጣጥሜ የሠራሁት ነው የሚል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የሚችሉት ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። እነሱም አለፉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። በ1935 ጦርነቱ ሲቃረብ የመጣው አልፍሬድ አይዘንስታት፣ በኋላ ላይፍ መጽሔት ላይ የዓለም ስም የሆነው፣ ከሁሉ የታወቀውን የኢትዮጵያ ፎቶውን ያነሳው በአንድ ወታደር እግር ላይ ነው። የተሰነጣጠቀ ባዶ እግር ይታያል፤ ከባቱ በላይ ያለው ሰው የለም። ፎቶው የጣሊያንን ታንክና መርዝ በዚያ እግር ሊገጥም የተነሳውን ሠራዊት ለዓለም አሳይቷል፤ ውለታውን አልክድም። ባለ እግሩ ግን ስም ነበረው፣ ስሙን ሊጠይቀው ይችል የነበረው ደግሞ አንሺው ነው። አይዘንስታት እስከ 1995 በሕይወት ነበር። በጥቅምት 1984 ኮረም ላይ ረሃቡን የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚንም እንዲሁ ነው። ያ ምስል ለብዙ ሺህ ሰዎች እህል አምጥቷል፤ የኢትዮጵያን ስም ከረሃብ ጋር ያጣበቀውም እሱ ነው። አሚን በ1991 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ፤ በኅዳር 1996 በተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ለአገራችን ይህን ያህል የከፈለ ሰው ኮረም ላይ ምን ሳይቀርጽ እንደቀረ፣ ፈቃዱን ሲሰጡት ምን እንዳታሳይ እንዳሉት በአማርኛ ተጠይቆ ቢሆን የዚያ ዘመን ታሪካችን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ ከሚነሱት ተቃውሞዎች የመጀመሪያው ፍትሐዊ ነው፤ ለምን አንሺው? መጠየቅ ያለበት የተነሳው ሰው ነው የሚል። ለዚህ ዶሮቲያ ላንግ በ1936 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካነሳችው የስደተኛዋ እናት ፎቶ የተሻለ ምሳሌ የለም። ላንግ የሴትዮዋን ስምና ታሪክ እንዳልጠየቀች ራሷ በኋላ ጽፋለች፤ ቤተሰቡ ምግብ ለመግዛት የመኪናውን ጎማ ሸጧል ብላም ጽፋለች። በ1978 ሴትዮዋ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምፕሰን መሆኗ በጋዜጣ ታወቀ፤ የጎማው ነገር ሐሰት እንደሆነም ልጇ ተናገረ። እንግዲህ አንሺዋ ተሳስታለች፣ የተነሺዋ ቤተሰብ አርሟል። ይህን ከልብ እቀበላለሁ። ነገር ግን ቤተሰቡ ሊያርመው የቻለው ላንግ ጽፋ የተወችው ቃል ስለነበረ ነው። ስህተቱ ባይጻፍ ኖሮ የሚታረም ነገር አይኖርም ነበር፤ ምስሉ ብቻውን ዝም እንዳለ ሁሉም የመሰለውን እየሞላበት ይቀጥል ነበር። አንሺዋ በዚያች ቀን አንድ ጥያቄ፣ ስምሽ ማነው የሚለውን ብቻ ብትጠይቅ ኖሮ 42 ዓመት ባልጠፋ ነበር። ወደ ተነሺው የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በአንሺው ደብተር በኩል ነው፤ ሁለቱን ማወዳደር እንጂ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ አንሺዎች ይረሳሉ የሚል ነው። በእርግጥ ይረሳሉ። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በኸርናንዴዝ መንደር ላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳውን ዝነኛ ፎቶ በተለያየ ጊዜ ከ1940 እስከ 1944 ያለ የተለያየ ዓመት ሰጥቶታል። ትክክለኛውን ጊዜ፣ የ1941ን መጸው፣ ያገኙት የጨረቃዋን አቀማመጥ ያሰሉ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ናቸው። ታዲያ አዳምስ ቀኑን ቢረሳም ሌላ ነገር አልረሳም። ፀሐይ እየጠለቀች የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ አጣው፤ የጨረቃን የብርሃን መጠን በቃሉ ያውቅ ስለነበር ከዚያ ተነስቶ አስልቶ አነሳ። ይህን የትኛውም የሥነ ፈለክ ስሌት አያወጣውም። ምስክር ቀን ሊሳሳት ይችላል፣ እጁ የሠራውን ግን ያውቃል። ቀኑን ከጨረቃዋ፣ አሠራሩን ከሰውየው መውሰድ ይቻላል።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እንጀራው ከጌታው እጅ ነው፤ ቢጠየቅስ ጌታውን ከማሞገስ ሌላ ምን ይላል? ይህ ክርክር የሚረሳው ነገር አለ። ዜና መዋዕል ጸሐፊዎቻችንም ደሞዛቸው ከዚያው ግቢ ነበር፤ ስለዚህ አንጠቀምባቸውም አላልንም። ያደላሉ ብለን፣ ማን ላይ እንደሚያደሉ አውቀን፣ ከሌላ ምንጭ ጋር እያመሳከርን እናነባቸዋለን። ፎቶግራፍ ግን አድልዎ የሌለበት መስሎ ስለሚታይ ከጸሐፊ ብዕር ይልቅ ያለ ጥያቄ ያልፋል። ቤድሮስ ቦያጂያን ስለ ምኒልክ ክፉ ላይናገር ይችላል። ሆኖም ንጉሡን ከየት አቅጣጫ እንዳያነሳ ይከለከል እንደነበር፣ ከመኳንንቱ ማን ከማን ጎን መቆም እንደማይፈልግ፣ የትኛው መስታወት እንዲሰበር እንደታዘዘ ከተናገረ፣ ሙገሳው ራሱ የቤተ መንግሥቱን አሠራር ያወጣዋል።

ሥራው ራሱን ያስረዳል፣ ጥበብ ምስክር አያሻውም የሚሉም አሉ። ለሚሰቀል ሥዕል ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። እኛ ግን የቆዩ ፎቶዎችን የምንጠቀምባቸው ለማስጌጫ ብቻ አይደለም፤ በመማሪያ መጽሐፍ፣ በጋዜጣ፣ በፖለቲካ ክርክር እንዲህ ነበር ብለን እንመዛቸዋለን። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ጄራር በ1996 ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን ሰብስበው ሲያሳትሙ ትልቁን ውለታ የዋሉልን ምስሎቹን ከአንሺዎቻቸው ታሪክ ጋር ለማገናኘት በመድከማቸው ነው። አሁን በየእጅ ስልኩ የሚዞሩት ምስሎች ያ ድካም ተገፎባቸዋል። የአንዱ መኳንንት ፎቶ በሌላው ስም፣ የ1930ው የንግሥ በዓል ፎቶ ለሌላ በዓል ሲውል ማየት የተለመደ ሆኗል።

ሁሉም ግን አላለፈም። ሽመልስ ደስታ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያም በደርግ ጊዜ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሠርቶ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ፤ በ2007 ሥራው ለንደን ላይ በዐውደ ርእይ ሲቀርብ የሁለት ሥርዓት ባለሟል የነበረ ዓይን ከእነ ባለቤቱ ሕዝብ ፊት ቆመ። ከቤተ መንግሥት ውጪ ደግሞ የየከተማው ፎቶ ቤቶች አሉ። በ1975 ቀበሌ ተቋቁሞ መታወቂያ ሲመጣ ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ያልተሰለፈ የከተማ ሰው ጥቂት ነው፤ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለምረቃ፣ ወደ ዘመቻ ለሚሄድ ልጅ ማስታወሻ የተነሱትም እዚያው ናቸው። የእነዚህ ቤቶች ማኅተም በየቤቱ አልበም ውስጥ ከፎቶዎቹ ጀርባ ይገኛል።

እዚያ ምን መሠራት እንዳለበት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም። የኬይታ አገር ሰው ማሊክ ሲዲቤ ባማኮ ውስጥ በ1960ዎቹ የወጣቶችን ጭፈራ እየዞረ ሲያነሳ የእያንዳንዱን ምሽት ፎቶ በትንንሹ አጥቦ ወረቀት አቃፊ ላይ ይለጥፍ፣ ቀኑንና የድግሱን ባለቤት ይጽፍበት ነበር። ዓላማው ወጣቶቹ በማግስቱ መጥተው የሚፈልጉትን መርጠው እንዲያዙ ነው፤ የንግድ ደብተር ነበር። ያ ደብተር ዛሬ የአንድ ከተማ የሌሊት ታሪክ ሆኗል፤ ሲዲቤም በ2007 የቬኒስ ቢየናሌን የወርቅ አንበሳ ሽልማት ተቀበለ። የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የደሴ፣ የሐረር፣ የጅማ ፎቶ ቤቶችም ደንበኛ ፎቶውን መጥቶ እስኪወስድ ቁጥርና ስም መያዝ ነበረባቸው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ያ ደብተር የት እንዳለ ነው። ቀጥሎ፣ ታጥቦ ማንም ሳይወስደው የቀረው ፎቶ የማን እንደሆነ፣ በተለይም ከ1974 በኋላ ባሉት ዓመታት።